ገደኛ ቀን በሬስለር መንገድ ላይ
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ተመልካች የሚያየው ሪንግ ላይ ያለፉትን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። የሬስለር (አሸናፊው አስቀድሞ በሚወሰንበት የትርኢት ትግል የሚጋጠም ታጋይ) ዕድሜ ግን አብዛኛው የሚያልቀው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በሚወስደው መንገድ ነው። ዘንድሮ የደረሱን ጥያቄዎች በዚያ መንገድ ላይ ሳይታሰብ ቀን ስለሚቀናበት ጊዜ የሚያነሱ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሌሎች ሬስለሮች በጉዞ ችግር ሲቀሩ ያልተጠበቀ ሰው ትልቅ መድረክ እንደሚያገኝ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ ጀማሪው ዕድሉ እንዳያመልጠው ምን ያድርግ?

መልስ፦ እውነት ነው። የአሜሪካው ትልቅ የሬስሊንግ ድርጅት ደብልዩ ደብልዩ ኢ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2019 ሪያድ ላይ ትርኢቱን ከጨረሰ በኋላ የብዙዎቹ ሬስለሮች በረራ ዘገየ። በማግስቱ ምሽት ደግሞ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ውስጥ ስማክዳውን የተባለው የድርጅቱ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ትርኢት የቀጥታ ስርጭት ነበረባቸው። ክፍተቱን የሞሉት ከድርጅቱ ሌላ ፕሮግራም፣ ከኤንኤክስቲ፣ የመጡ ልጆች ናቸው። አዳም ኮል በዋናው ግጥሚያ ከዳንኤል ብራያን ጋር ተፋልሞ የኤንኤክስቲ ቀበቶውን እንደታጠቀ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎም በኤፕሪል 2010 የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋው የድርጅቱ ሌላ ሳምንታዊ ትርኢት የሆነው የሮው ሬስለሮች ባሉበት ቀሩ፤ ኤፕሪል 19 ከኒው ጀርሲ የተላለፈውን ፕሮግራም የስማክዳውን ባልደረቦች ሸፍነውታል።

በትናንሽ አዘጋጆች ዘንድ ይህ የሚደርሰው ከዚህ እጅግ በበለጠ ብዛት ነው። አንዱ መኪና መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሌላው በረራ ያመልጠዋል፣ አዘጋጁም መልበሻ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ያያል። የሚመርጠው የተሻለውን ሬስለር ሳይሆን ጫማውን ይዞ እዚያ የተገኘውን ነው። ስለዚህ በዕለቱ ስምዎ ባይኖርም እንኳ ሪንግ ለመትከል ለማገዝ ሲሄዱ ሙሉ ልብስዎን ይያዙ፦ ቦት ጫማ፣ ታይት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ሁለት ጥቅል የስፖርት ፕላስተር፣ ትርፍ የጫማ ክር። የጫማ ክር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሲበጠስ ግን ቁርጭምጭሚት የሚደግፈው ነገር ያጣል። የመግቢያ ሙዚቃዎን በስልክዎም በፍላሽም ይያዙት፤ አዳራሹ ውስጥ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። በሩ ለተመልካች ከመከፈቱ ሦስት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

ተተኪ ሆነው ከተጠሩ ከማያውቁት ተጋጣሚ ጋር አራት ነገር ሳይነጋገሩ አይውጡ፦ ፍጻሜው እንዴት እንደሆነና ማን እንደሚያሸንፍ፣ ስንት ደቂቃ እንደተሰጣችሁ፣ እያንዳንዳችሁ የት ላይ ጉዳት እንዳለባችሁ፣ የትኛውን ውርወራ እንደማትቀበሉ። መሐሉን ሪንግ ውስጥ እየተነጋገሩ መሙላት ይቻላል፤ ሰዓቱንም ዳኛው በጆሯችሁ ይነግራችኋል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ዕድሉ የመጨረሻቸው ስለሚመስላቸው የሚያውቁትን ሁሉ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ለመጨረስ ሲሞክሩ ነው። አብረው ሠርተው ከማያውቁት ሰው ጋር ከፍ ያለ ውርወራ መሞከር አንገት የሚሰብር ስሕተት ነው። ጉዳት ካለብዎ ደግሞ መደበቅ ለተጋጣሚዎም አደጋ ነው፤ ብብትዎ ሥር የተሰነጠቀ አጥንት እንዳለ ካላወቀ የሚይዝዎት እዚያው ላይ ነው። ክፍያውንም ወደ ሪንግ ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ። በዚያን ሰዓት መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ የመኪና አከራዩ ያዘዝነው መኪና ስለሌለ ያለ ጭማሪ ክፍያ የተሻለ ልስጣችሁ ቢል ሁልጊዜ እሺ ማለት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ክብደቱን አስሉ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና በሹፌሩ በር መቃን አካባቢ የጎማና የጭነት መረጃ ተለጥፎበታል፤ የተሳፋሪና የዕቃ ድምር ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። በመካከለኛ ሴዳን ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ሬስለሮች እያንዳንዳቸው 105 ኪሎ ቢመዝኑ 420 ነው፤ ሻንጣቸው ሃያ ሃያ ኪሎ ቢሆን ድምሩ 500 ይደርሳል። ከልክ ያለፈ ጭነት ጎማውን ያግለዋል፣ ፍሬን ሲያዝ መቆሚያውን ያርቀዋል፤ በበጋ በረጅም አውራ ጎዳና ላይ ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ሚኒቫን ከሰጧችሁ እሰየው ነው። የስፖርት መኪና ከሰጧችሁ ግን በትሕትና መልሱት። የኋላ መቀመጫው ጉልበት አያስገባም፣ ዕቃ መጫኛውም ሁለት ሻንጣ አይችልም። ነዳጁንም አትርሱ፦ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትፈልግ መኪና ለ600 ኪሎ ሜትር 42 ሊትር ስትጨርስ፣ 12 ሊትር የምትፈልገው 72 ትጨርሳለች። ልዩነቱ 30 ሊትር ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለሰው 7.5 ሊትር። እግር ዘርግቶ ለመተኛት ይህ ብዙ አይደለም።

ወጪው ከመነሳታችሁ በፊት ይሰብሰብ። በደብልዩ ደብልዩ ኢ እንኳ ለረጅም ዘመን የቆየው ልማድ የአውሮፕላን ትኬቱን ድርጅቱ፣ የመኪና ኪራዩንና ሆቴሉን ሬስለሩ ራሱ የሚከፍልበት ነበር፤ በአንድ መኪና መሰብሰብ የተለመደውም ለዚሁ ነው። የሚነዳው ሁሉ ስሙ በኪራይ ውሉ ላይ ይግባ። ያልተመዘገበ ሰው ነድቶ ቢጋጭ የኢንሹራንስ ሽፋኑ ሊቀር ይችላል። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ የቀን ተጨማሪ ይከፍላል።

ጥያቄ፦ በጉዞ ላይ «አንድ ሰዓት አተረፍን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ የሰዓት ክልል መሻገር ነው። በአሜሪካ የድሮው የሜምፊስ አካባቢ ሬስለሮች ሳምንታዊ የከተማ ዙር ደህና አድርጎ ያሳየዋል፦ ሰኞ ማታ ሜምፊስ፣ ማክሰኞ ሉዊቪል፣ ረቡዕ ኢቫንስቪል። ሜምፊስና ኢቫንስቪል በመካከለኛው የሰዓት ክልል ሲሆኑ ሉዊቪል በምሥራቁ ነው። ከሜምፊስ ወደ ሉዊቪል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ በመንገዱ ላይ አንድ ሰዓት ያጣሉ፤ ስድስት ሰዓት የፈጀው ጉዞ በግድግዳ ሰዓት ሰባት ይሆናል። በማግስቱ ወደ ኢቫንስቪል ሲያቀኑ ይመለስላቸዋል፤ የሁለት ሰዓቱ መንገድ በግድግዳ ሰዓት አንድ ብቻ ነው።

ያችን የተረፈች ሰዓት ሰው የሚያጠፋት ዘግይቶ በመነሳት ነው። እኛ የምንመክረው በአልጋ ላይ ሳይሆን በመድረሻው ከተማ እንድትውል ነው፤ ጎማ ቢተነፍስ ወይም መንገድ ቢዘጋ መጠባበቂያዋ እሷ ናት። ከአዘጋጁ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ «በእናንተ ከተማ ሰዓት ስንት?» ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ። ስልክ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቀጠሮ ግን አያስተካክልም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ምሽት ይጋጠማል፤ ከትርኢት በኋላ «ዛሬ ሞቅ ብሎኛል» እያለ ሌሊቱን ይነዳል። እንቅልፍ የማይጥለው ሰው አለ?

መልስ፦ የለም፣ እኅታችን። ያ ሙቀት ከትርኢቱ በኋላ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሲወርድ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሒሳቡን አብረን እንይ። ጠዋት 2 ሰዓት የነቃ ሰው ከምሽቱ 1፡30 የጀመረው ትርኢት 4፡30 ያልቅበታል፤ ታጥቦ፣ ቲሸርቱን ሸጦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሲነሳ 5፡30 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ሞላው። በዚያን ጊዜ የማስተዋል አቅሙ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል፤ ይህ በአብዛኛው አሜሪካ ከተከለከለው 0.08 በላይ ነው። በዚያ ላይ ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰውነት በተፈጥሮው እንቅልፍ የሚጠራበት ጊዜ ነው።

ገደኛ ቀን የሚባለውም በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ትርኢት የተሰረዘበት ቀን ነው። ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ቀን ሲያገኝ ወደ ሌላ ከተማ ተጨማሪ ግጥሚያ ፍለጋ ከመሄድ ባለበት ቢያድር ይሻለዋል። መንዳቱ ግድ ከሆነ ሁለት ሹፌር ይሁኑ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይቀያየሩ፣ ሲቆሙ አምስት ደቂቃ ይራመዱ፤ የተመታ እግር ታጥፎ ሲቆይ ያብጣል፣ ደምም ሊረጋበት ይችላል። ዓይኑ ሲከብደው መብራት ያለበትና ሰው የሚበዛበት ቦታ ይቁም፣ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣ፣ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያሸልብ፤ ቡናው የሚሠራው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ከ30 ደቂቃ በላይ ከተኛ ግን ደንግዞ ይነሳል። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ አይጠቅምም።

ራሱን ተመትቶ ከሆነ፣ ማለትም ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ብርሃን ከረበሸው ወይም ግጥሚያውን ካላስታወሰ፣ በዚያ ሌሊት መሪ አይያዝ፤ ብቻውንም አይደር። ትውከቱ ከተደጋገመ ወይም ማንቀላፋቱ ከበዛ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ በአውሮፕላን ሲጓዙ ልብሳቸውን የት ያስቀምጣሉ? በረራ ከአቅሙ በላይ ትኬት ሲሸጥ የሚሰጠው ካሳስ ይገባቸዋል?

መልስ፦ የሪንግ ልብስ ከእጅ ሻንጣ አይወጣም። ጭነት ክፍል የገባ ሻንጣ ሲጠፋ ቲሸርት ይገዛል፤ በእግር ልክ የተሠራ ቦት ጫማና ጭምብል ግን በአንድ ቀን አይገኝም። በአሜሪካ ደንብ ከመጋጠሚያው ምስማር ጀምሮ ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ መቀስ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ለፕላስተር መቁረጫ ይበቃል። የሰውነት ቅባቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ጠርሙስ ከሆነ ይወሰዳል። የሻምፒዮን ቀበቶ ካለ ፍተሻው ላይ ለይቶ ማውጣት ነው፤ የብረቱ ሳህን ሻንጣውን ማስከፈቱ አይቀርም። የጉልበት መከላከያው ሳይደርቅ በላስቲክ ታሽጎ አይሒድ፤ ጭርትና የቆዳ ቁስል የሚዛመተው ከዚያ ነው።

ካሳውን በተመለከተ ወደ ትርኢት ሲሄዱ ወንበርዎን በፈቃድ አይልቀቁ። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ጥሩ ሲሳይ ነው፤ በፈቃድ ሲለቁ መጠኑ ድርድር ስለሆነ የመጀመሪያውን አይቀበሉ፣ ኩፖኑ የሚያበቃበትንም ቀን ይጠይቁ። ያለ ፈቃድዎ ከበረራ ቢያስቀሩዎት ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ራሱ ይናገራል፦ በአገር ውስጥ በረራ መድረሻዎ ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ የአንድ መንገድ ዋጋውን 400 በመቶ ይከፍሉዎታል፣ በኩፖን ፈንታ በቼክ ወይም በጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ድሮ የጀግናና የክፉ ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱ ሬስለሮች በአንድ መኪና አይሄዱም ነበር ይባላል። ለምን?

መልስ፦ ተመልካቹ ጠቡን እውነት ብሎ እንዲያምን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጂም ደገንና አይረን ሼክ በአንድ መኪና ሲጓዙ ኒው ጀርሲ ላይ ፖሊስ ሲያስቆማቸው ወሬው አገር ያዳረሰው ሪንግ ላይ ጠላት ስለነበሩ ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ኦክቶበር 4 ቀን 1975 ነዳጅ ያለቀበት ትንሽ አውሮፕላን ዊልሚንግተን፣ ሰሜን ካሮላይና አጠገብ የወደቀበት ነው። ጆኒ ቫለንታይን ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ሪክ ፍሌር ጀርባው ሦስት ቦታ ተሰብሮ በወራት ውስጥ ወደ ሪንግ ተመለሰ። ከክፉዎቹ ጋር የተሳፈረው ጀግናው ቲም ዉድስ ሆስፒታል ሲደርስ በመዝገብ ስሙ ተመዝግቦ አዘጋጅ ነኝ አለ፤ ጥርጣሬው እንዲጠፋም ሕመሙን ችሎ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሪንግ ገባ። ዛሬ ያ ምሥጢር ስለቀረ በአንድ መኪና የሚሄደውን ሰው የሚወስነው አቅጣጫ፣ ክብደትና ማን ነቅቶ መንዳት እንደሚችል ነው።