«የሚመለከተው አካል» ደመወዝ አይከፍልሽም

ሰላም እህቴ። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። አምና በሕዝብ አስተዳደር ተመርቀሻል። የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ማስታወቂያው ሁሉ ግን «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። እስከዚያው ሦስት ደብተር ሞልተሻል፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ቴሌብር፣ ስለ ድሬዳዋ ጉዞሽ። አባትሽ ደብተሮቹን አገላብጠው «ይሄ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ እንጀራ አይሆንም» ብለዋል። አንቺም «ሙያ ይሆናል? ወይስ ልተወውና ባንክ ላመልክት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ባንክ አመልክቺ። ደብተሩንም አትተዪ። ሁለቱ አይጣሉም። አባትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

ከደብተሩ ቀድተሽ የላክሽልኝን ሰባት ገጽ ሁለቴ አነበብኩት። «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚል ዓረፍተ ነገር 11 ጊዜ አለ። ቆጥሬዋለሁ። ለመሆኑ ይሄ አካል ማን ነው? ቢሮው የት ነው? ስንተኛ ፎቅ?

ጠዋት ታክሲ የምትጠብቂበትን አደባባይ አስቢው። እዚያው አጠገብሽ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ይጀምራል። የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው። ሚኒባሱ የሚቀዳውን ነዳጅ ዋጋ የሚያሳውቀው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፤ ፌዴራል ማለት ነው። የአዲስ አበባ የታክሲ ታሪፍ ግን ከከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ይወጣል። የከተማው ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር የደቡቡ መስመር ቃሊቲ ላይ አበቃ። ወዲያው የተከተለው የምሥራቁ ደግሞ አያት ላይ። ሰዉ ግን እዚያ አልቆመም። ኮንዶሚኒየሙ ቃሊቲንም አያትንም አልፎ ሄደ። ባቡሩ በአንድ ወገን፣ ቤቱ በሌላ ወገን ታቀደና ያንቺ ጠዋት መሀል ላይ ወደቀ።

ስለ ታሪፍ ሚኒስቴሩን ብትወቅሺ ማንም አይሰማሽም። ትክክል ብትሆኚም አይሰማሽም። ማን ምን መወሰን እንደሚችል መለየት ለፖሊሲ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይህን በሦስት ክሬዲት ያስተምርሻል። አደባባዩ በነጻ።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። እንደተመረቅሁ 40 ገጽ ጻፍኩ። ርእሱ «የአዲስ አበባን የትራንስፖርት ችግር ለመፍታት የቀረበ ሐሳብ» ነበር። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እንዲህ አደረገች፣ የብራዚሏ ኩሪቲባ እንዲያ አደረገች እያልኩ ሞላሁት። ሁለቱንም ከተሞች በዓይኔ አላየኋቸውም። አስጠርዤ አንድ መሥሪያ ቤት አስገባሁ። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጠኝ። በሦስተኛው ምልልሴ አንድ ቢሮ ስገባ ጥራዜን አየሁት። ቢሮው ውስጥ የተቀመጡት ሰው የኮምፒውተሩ ስክሪን ዝቅ ብሎባቸው ኖሮ ከሥሩ አድርገውታል። ቢያንስ ለአንገታቸው ጠቅሟል።

ከዚያ በኋላ የረባ ነገር የሠራሁት ሳላስበው ነው። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነበር። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ ውሃ የመጣበትን ሌሊት ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበብኩት። ሁለት ወር። ኮሚቴው ስብሰባ ሲጠራ ይዤው ሄድኩ። «ውሃ የለም» የሚል ሰው አዳራሹን ሞልቶት ነበር። «በ60 ቀን 14 ሌሊት መጥቷል» ማለት የቻልኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ከስብሰባው በኋላ አንድ ሰው ኮፒ ጠየቀኝ። በእሱ በኩል የሦስት ሳምንት የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራ አገኘሁ። የመጀመሪያ ደመወዜ ያ ነው።

አንቺም እንዲህ ያለ ነገር አለሽ፤ ግን አላስተዋልሽውም። ገጽ 5 ላይ እንዲህ ብለሻል፦ «12፡30 የደረሰ ሰው 10 ደቂቃ ሳይሞላው ይሳፈራል። 1፡15 የደረሰ ግን 2 ሰዓትም ላይ እዚያው ነው። ማታ ሳሪስ ላይ ረዳቱ ‹ቃሊቲ ብቻ!› ይላል። ቃሊቲ ወርደን ስንሰለፍ ያው መኪና ‹ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!› እያለ ይጠራናል።» ሳቅሁ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ማቆራረጥ የሚሉትን ነገር በሦስት መስመር ጨርሰሽዋል። በሚቀጥለው ገጽ ግን ትተሽው ወደ «የታክሲ አፕ» ዘለልሽ። የታክሲ አፕ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ልጅ ሞልቶኛል። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ስልክ አጥቶ አይደለም የቆመው፤ መኪና አጥቶ ነው።

እንዲያውም ናይሮቢን እዪ። ማታቱ የሚሉት የእኛ ሚኒባስ ነው። መስመሩን ሁሉ የሚያሳይ ካርታ አልነበረውም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተባብረው ስልካቸውን ይዘው ተሳፈሩ። ፌርማታውን አንድ በአንድ መዘገቡ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከ130 በላይ መስመር የያዘ ካርታ ወጣ። በኋላ ጎግል ካርታ ላይም ገባ። ፈጠራው ተሳፍሮ መመዝገቡ ነበር።

ስለዚህ አንድ መስመር ምረጪ፤ ቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ። አንድ ጥያቄ ያዢ፤ ሰው ስንት ደቂቃ ይቆማል፣ ስንት ይከፍላል? ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ለ20 የሥራ ቀን። መጀመሪያ ተራ አስከባሪዎቹን አናግሪ። ካላናገርሽ ከገቢዎች የመጣሽ ይመስላቸዋል። ሰውም ታርጋም ፎቶ አታንሺ። ሰልፉ የሚታይበት ቦታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አትጠፋም፤ እሷ ዘንድ ተቀመጪ። ከሰልፉ ጭራ አንድ ሰው ምረጪ። ቀይ ሻርፕ፣ ቢጫ ቦርሳ፣ ምንም ይሁን። የተሰለፈችበትን ሰዓት ጻፊ። እስክትሳፈር ዓይንሽን አትንቀዪ። የተሳፈረችበትን ጻፊ፤ ከዚያ ሌላ ሰው። ታሪፉን ራስሽ ተሳፍረሽ ታዪዋለሽ። ማታ ማታ ኤክሴል ላይ አስገቢው። ሲያልቅ አንድ ገጽ ይበቃል። ገጹን ለትራንስፖርት ቢሮ ከማስገባትሽ በፊት ለተራ አስከባሪዎቹ አሳዪያቸው። የተሳሳትሽውን እነሱ ይነግሩሻል።

ይሄ ለማን ይጠቅማል ብለሽ እንዳትሰጊ። አገር አቀፉ የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ያኔ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። ያንቺ ብሎክ የቆመበት መሬት ደግሞ እርሻ ነበር። ዳር ዳሩ ላይ ስለሚኖረው ሰው ሁሉም መረጃ ይፈልጋል። አማካሪ ድርጅቶችና ምርምር ተቋማት በቀን ሒሳብ መረጃ ሰብሳቢ ይቀጥራሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በታብሌት ነው። ኮቦ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ አሁኑኑ ስልክሽ ላይ ጭነሽ ተለማመጂ፤ ነጻ ነው። ሲቪሽ ላይ ደግሞ «ለፖሊሲና ለፈጠራ ጥልቅ ፍላጎት ያላት» የሚለውን ሰርዢው። «በአንድ የታክሲ መስመር ለ20 ቀናት የጥበቃ ጊዜና የክፍያ መረጃ ሰብስባ ያጠናቀረች» በዪ። ጠያቂው ቢያንስ «እንዴት?» ይልሻል።

ስለ ድሬዳዋ አንድ ነገር ብቻ። ከለቡ ስለተሳፈርሽበት ባቡርና ስለ ጀምበር መጥለቂያው አራት ገጽ ጽፈሻል፤ ደስ ይላል። ስለ ባጃጅ ግን አንድ መስመር፦ «እዚህ ባጃጅ በር ድረስ ትገባለች፤ የሚያቆራርጥ የለም።» እኔ የፈለግሁት የዚህን መስመር ቀጣይ ነበር። ስንት ብር? ማን ፈቀደላት? ሌላ ጊዜ ስትሄጂ እሱን ጠይቀሽ ተመለሺ።

የባንኩ ማመልከቻ ዓርብ ይዘጋል ብለሻል። መጀመሪያ እሱን አስገቢ። ቆጠራው ሰኞ ይጀመር።