ነዳጅ አልባ ሮኬት ለምትመኙ ልጆች

ልጆቼ፣ አንዳችሁ ሳትልኩልኝ ሌላችሁ ትልኩልኛላችሁ፣ ቴሌግራሜ በቪዲዮ ሞልቷል፣ "ጋሼ ይሄን አይተውታል?" እያላችሁ፤ ምንም ነገር ወደ ኋላ ሳይተፋ ጠፈር ላይ የሚሄድ ሞተር፣ ከባዶ ቦታ ኢነርጂ የሚቀዳ ማሽን ምናምን። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሚዛንና የመለኪያ ዕቃ ካሊብሬት ሳደርግ ስለሆነ የምመልሰው አንድ ነው፣ በምን ለኩት? አንዳንዶቻችሁ ይሄ ሽማግሌ ህልም ገዳይ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ግድ የለም፣ እስቲ ላስረዳ።

ከነዚህ ምንም ሳይተፉ ይሄዳሉ ከሚባሉት ሞተሮች አንዱን፣ ኢኤምድራይቭን እንውሰድ። ሮጀር ሾየር የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር ነው ያመጣው፣ አንድ ጫፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ፣ ውስጡ ባዶ ዙሪያው የተዘጋ የመዳብ ዕቃ ነው፣ ውስጡ ማይክሮዌቭ ይለቀቅበታል፣ ሞገዱ ሰፊውን ጫፍ አብልጦ ስለሚገፋ ዕቃው ይንቀሳቀሳል ነው የሚለው። ያ ዘንበል ያለው ጎኑስ አይገፋም እንዴ? እሱን ስትደምሩበት እኮ ዜሮ ነው የሚመጣው። ግን በ2016 የናሳዎቹ እነ ሃሮልድ ዋይት በአንድ ኪሎዋት 1.2 ሚሊኒውተን ግፊት ለካን ብለው ጽሑፍ አወጡ፣ ኢንተርኔቱ አበደ። የሰጡት ኃይል ግን ቢበዛ 80 ዋት ነበር፣ ያ ማለት ግፊቱ ወደ 10 ሚሊግራም ክብደት ነው፣ ጥቂት አስር የጤፍ ፍሬ በሉት። በዚህ መጠን ስትለኩ የሞቀ ብረት መለጠጡም፣ የሽቦው መወጠርም፣ የሚያልፍበት ከረንት ከመሬት ማግኔት ጋር መሳሳቡም ሁሉም "ግፊት" መስሎ ይታያችኋል።

አሁን ካልኩሌተር አውጡ፣ ግፊት በፍጥነት ሲባዛ ኃይል ይሰጣል። 1.2 ሚሊኒውተን በሰከንድ 833 ኪሎሜትር ሲባዛ ስንት ይመጣል? 1 ኪሎዋት። ስለዚህ ዕቃው ከዛ ፍጥነት ካለፈ ከሚበላው በላይ ኃይል እያወጣ ነው ማለት ነው፣ ጄኔሬተር ብትገጥሙለት ራሱን እየመገበ ሊኖር! ነዳጅ አልባ ሞተርና ፍሪ ኢነርጂ፣ ማለትም ከምንም የሚቀዳ ኢነርጂ፣ ሁለት የተለያየ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ናቸው፣ አንዱን ያመነ ሌላውንም ሳያውቀው አምኗል። ብርሃን ራሱ በኪሎዋት 3.3 ማይክሮኒውተን ገደማ ይገፋል፣ ጃፓኖች በ2010 ኢካሮስ የምትባለዋን መንኮራኩር በፀሐይ ብርሃን ገፍተዋታል፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም፣ ብርሃኑ ሞመንተሙን፣ ማለትም የሚገፋበትን ጉልበት፣ ከውጭ ይዞ ይመጣልና።

እኔ በጣም የምወደው በጀርመን ድሬስደን ያለውን ተመራማሪ ማርቲን ታይማርን ነው። አልሳቀም፣ አልተሳደበም፣ ራሱ ሠርቶ ለካው። በ2018 ወደ መዳቡ የሚገባውን ሞገድ በጣም ቀንሰው ሲሞክሩት ግፊቱ ንቅንቅ አላለም፣ ታዲያ የሚገፋው ሞገዱ ካልሆነ ማን ነው? ጣታቸውን የቀሰሩት ሽቦውና የመሬት ማግኔት ላይ ነበር። በ2021 ደግሞ አሰቃቀሉን አሻሽለው ደገሙት፣ ናሳዎቹ ያዩት ዓይነት ግፊት ከሙቀት የመጣ ሆኖ ተገኘ፣ እሱ ሲወገድ ምንም ግፊት አልቀረም። ይሄ ሥራ ላይክ አያመጣም፣ ግን ለኔ ከፈጠራው በላይ ጥበብ ያለበት እሱ ነው፣ ፊዚክስ የምትማሩ ከሆነ ላብ አትቅሩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ባዶ ቦታ ላይ በጣም የተጠጋጉ ሁለት የብረት ሳህኖችን የሚያሳስበው የካዚሚር ኃይል እውነት አይደለም ወይ ለምትሉኝ፣ እውነት ነው፣ ከ1948 ጀምሮ ይታወቃል፣ ግን ሁለቱ ሳህኖች አንዴ ከተጠጋጉ አለቀ፣ መልሳችሁ ለማራራቅ ያገኛችሁትን ትከፍላላችሁ። ጠፈርን አጣጥፎ ከብርሃን ፈጥኖ ስለመሄድ የሚያወራው የፊዚክስ ሊቁ የአልኩቢየሬ የ1994 ሂሳብም ያምራል፣ የሚፈልገውን ኔጌቲቭ፣ ማለትም ከዜሮ በታች የሆነ፣ ኢነርጂ በዛ መጠን ከየት እንደምታመጡት ንገሩኝና እንወያያለን።

ራሳችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ደሞ አልከለክልም እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ብቻ መጀመሪያ ዕቃውን አዙራችሁ ለኩ፣ ግፊቱ አብሮ ካልዞረ ተውት። ቀጥሎ ሞገዱን ዱሚ ሎድ፣ ማለትም ሞገዱን ውጦ ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ፣ ላይ ጣሉትና ያንኑ ኃይል ስጡት፣ ሚዛኑ አሁንም ከተነሳ ሽቦአችሁን ፈትሹ። ይሄን ሁሉ ካለፈ ቪዲዮ ለመቅረጽ አትሩጡ፣ ዳታውን ከነስህተት መጠኑ ይዛችሁ ኑ፣ ቡናው በኔ ነው።