ቫይታሚን ዲ ሲሞላ የእርግዝና ስኳር ይወርዳል ወይ?

እህቴ፣ በ27ኛው ሳምንትሽ ስኳርሽ በባዶ ሆድ 98 (mg/dL)፣ ቫይታሚን ዲሽ 14 ወጥቷል፤ ጎረቤትሽ ደግሞ «በየቀኑ ዋጪው፣ ስኳሩንም ያጠፋልሻል» ብላ የ50,000 ዩኒት እንክብል ሰጥታሻለች። እጥረቱ ይታከም፤ ስኳሩን ያጠፋል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

በ75 ግራም ግሉኮስ ምርመራ በባዶ ሆድ 92 ከደረሰ፣ ግሉኮሱ ከተጠጣ በኋላ የ1 እና የ2 ሰዓቱ ጥሩ ቢሆንም የእርግዝና ስኳር ይባላል። ዋናው ምክንያት እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ናቸው፤ ስኳርን ከደም የሚያወርደው ኢንሱሊን እንዳይሠራ ይይዙታል፣ ቆሽት አብዝቶ ማካካስ ሲያቅተው ስኳሩ ይወጣል። ቫይታሚን ዲ ቆሽት ኢንሱሊን ሲለቅ ያግዘዋል፣ ስለዚህ ነገሩ ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም። ነገር ግን ውፍረት ሲኖር ቫይታሚኑ ስብ ውስጥ ስለሚቀር ደም ላይ ዝቅ ይላል፤ ውፍረቱ ራሱም ኢንሱሊንን ያዳክማል። ሁለቱ አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም። በጥናቶችም ቫይታሚኑ ስኳሩን በጥቂቱ ያወረደበት አለ፣ ምንም ያልለወጠበትም አለ።

ወረቀትሽ ላይ «25-ሃይድሮክሲ» መባሉን እዪ፤ «1፣25» የሚለው እጥረት እያለም ደህና ሊመስል ይችላል። መለኪያውንም ተመልከቺ፦ በናኖግራም ከሆነ ከ20 በታች እጥረት ነው፣ በናኖሞል ከሆነ ለ2.5 አካፍዪ።

እንክብሉን በየቀኑ እንዳትውጪ! 50,000 ሐኪም ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው። ለነፍሰ ጡር የተለመደው በቀን 600 ዩኒት ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4,000 አይታለፍም፤ የእርግዝና ቫይታሚንሽ ውስጥ ያለውንም ደምሪ። ቫይታሚኑ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ጥምና ሽንት ማብዛት ስለሚያመጣ ስኳሩ የባሰ ይመስላል። ሐኪም ያዘዘልሽን ቫይታሚን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰጂው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም።

ለስኳሩ፣ በባዶ ሆድ ከ95፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ይሁን። እራት ላይ እንጀራውን ቀንሰሽ ምስር፣ ጎመን ወይም እንቁላል ጨምሪ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል ተራመጂ። ስትለኪ እጅሽን ታጠቢ፤ ሙዝ የላጠ ጣት ውሸት ቁጥር ይሰጣል። የባዶ ሆዱ በምግብ ብቻ በቀላሉ አይወርድም፤ በሳምንት ሁለት ሳምንት እምቢ ካለ ሐኪምሽ ኢንሱሊን ቢያዝ ቫይታሚኑ እስኪሠራ ብለሽ አታዘግዪ። ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የ75 ግራሙ ምርመራ ይደገማል።