ካራማራ አንድ አንቀጽ፣ ወፍጮው ሁለት

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፦

አባታችን አርፈው አርባቸው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው በጥድፊያ የተጻፈ ስለነበር፣ ለተዝካሩ አስተካክለን በትንሽ መጽሔት ልናሳትመው አስበናል። ፍቼ ተወልደው፣ ታጠቅ ሠልጥነው፣ ኦጋዴን ዘምተው፣ ቆስለው ከተመለሱ በኋላ እዚያው ፍቼ ከ30 ዓመት በላይ ወፍጮ ቤት ያሠሩ ሰው ናቸው። ወንድሜ «በ1969 ካራማራ ላይ ቆሰሉ» ብሎ ከአምስት ገጽ አራቱን ለጦርነቱ ሰጠው፤ ሽፋኑም የትግላችን ሐውልት ይሁን ይላል። እናታችን ደግሞ «ስለ ጦርነቱ አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም» ትላለች። የልደት ዘመናቸው መታወቂያቸው ላይ 1945፣ የድሮ ወረቀታቸው ላይ 1941 ነው። ከጋብቻ በፊት የወለዷት እህታችንም በቀብሩ ጽሑፍ ስሟ አልተጠራም። ከየት እንጀምር?

ታላቅ ልጃቸው፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ከእህታችሁ ጀምሩ። ልጆች በልደት ቅደም ተከተል ይጻፉ፤ እሷ በቦታዋ፣ በሕይወት የሌለ ልጅም ካለ በቦታው። ከድንኳን ጠብ ይዞ የሚወጣው የዘመቻ ቀን ሳይሆን የተዘለለ ስም ነው።

ካራማራን በተመለከተ ወንድምዎ የጻፈው እንዳለ ቢታተም፣ ለቅሶ ከመጡት ዘማቾች አንዱ ማረሙ አይቀርም። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ወረረ፤ ጅጅጋና የካራማራ በር የተያዙት ግን በመስከረም 1970 ነው፤ የተመለሱት የካቲት 26 ቀን 1970። ስለዚህ «በ1969 ካራማራ ላይ» የሚለው ያጠራጥራል። ጓዶቻቸውን ስትጠይቁ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ ወታደር ቀኑን በበዓል ነው የሚያስታውሰው። «ለመስቀል ሰሞን ነው ወይስ ለቅበላ?» በሏቸው። የካቲት 26 የዋለው በዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ ነበር፤ መልሱ ማፈግፈጉን ከማጥቃቱ ይለይላችኋል። ሁለት ሰው ካልተስማማበት «በኦጋዴን ግንባር ቆስለው» ይበቃል። ከኢንተርኔት የምትወስዱት ቀን ካለ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 እስከ እኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ ድረስ ባለው 8 ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው 7 ዓመት ቀንሱ፤ ማርች 1978ን 1971 የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ማዕረጋቸው ሰፈር የሚጠራቸው ሳይሆን የስንብት ወረቀቱ ላይ ያለው ይሁን።

ለልደታቸው እኩዮቻቸውን «በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ምን ያህል ልጅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከብት የሚያግድ የ12 ዓመት ልጅ ከነበሩ 1941 ያመዝናል፤ ስምንት ከነበሩ 1945። የትውልድ ቦታው «በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በሰላሌ አውራጃ» ተብሎ ይጻፍ፤ ያኔ ክልልም ክፍለ ሀገርም አልነበረም።

ጦርነቱን ወደ አንድ አንቀጽ አውርዱት። ካራማራን ሌላም ሰው ይጽፈዋል፤ ወፍጮውን ግን ከእናታችሁ በቀር የሚያውቅ የለም። ድንጋዩ ጥርሱ ሲያልቅ ዱቄቱ ይግላል እንጂ አይልምም፤ በየስንት ጊዜው ይወቅሩት ነበር? ራሳቸው ነበሩ የሚወቅሩት? በርበሬ ከፈጩ በኋላ ለጤፍ በምን ያጸዱት ነበር? ለማን በዱቤ ይፈጩ ነበር? እናታችሁ ስትመልስ በስልክ ቅዱና ለወፍጮው ሁለት አንቀጽ በራሷ ቃል ጻፉ።

ጠቅላላው 400 ቃል አካባቢ ይሁን፤ በዝግታ ሲነበብ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ይነበብ፤ ከበላ በኋላ ሰው ይበተናል። አንባቢው ልጅ አይሁን፣ እንባ ያቋርጠዋል።

መጽሔቱ 8 ገጽ ይሁን፤ ወረቀቱ ስለሚታጠፍ የገጹ ቁጥር ለ4 መካፈል አለበት። ለሽፋኑ ትግላችን ይቅር፤ ጥቁር አንበሳ ጋ ያለፈ ሁሉ ያየዋል። ወፍጮው በር ላይ የቆሙበት ፎቶ ካለ በ300 ዲፒአይ ስካን ይደረግ፤ ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ከላካችሁም «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርድና ሲታተም ፊታቸው ይደበዝዛል።