ኦባማ በስፕሪንግፊልድ፦ ስለ ግዛት ሴናተርነታቸው ዘመን ጥያቄና መልስ

ባራክ ኦባማ ወደ ዋሽንግተን ከመሻገራቸው በፊት ከጥር 1997 እስከ ኅዳር 2004 በኢሊኖይ ግዛት ሴኔት አገልግለዋል። ስለዚያ ዘመን የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የግዛት ሴናተርና ዋሽንግተን ያለው ሴናተር ይምታቱብኛል። ልዩነቱን ቢያስረዱን?

መልስ፦ ኢሊኖይ የራሷ ሕገ መንግሥት፣ የራሷ አገረ ገዥና የራሷ ሁለት ምክር ቤቶች አሏት። ከሁለቱ አንዱ የሆነው ሴኔት 59 አባላት ያሉት ሲሆን፣ የሚሰበሰበው ከቺካጎ በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በስፕሪንግፊልድ ነው። ከእኛ የክልል ምክር ቤት ጋር ይቀራረባል ማለት ይቻላል፤ ሆኖም የወንጀል ሕግን የመሰለ ከባድ ጉዳይ በአመዛኙ የሚወሰነው በግዛት ደረጃ በመሆኑ ሥልጣኑ ሰፋ ያለ ነው። ዋናው ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ግንቦት መጨረሻ ስለሚካሄድ ብዙ አባላት ሌላ መተዳደሪያ አላቸው፤ ኦባማም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ወንበር ያገኙት ተፎካካሪዎቻቸውን በፊርማ ጉድለት አስወጥተው ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፣ እውነት ነው። የ13ኛው ምርጫ ክልል ሴናተር የነበሩት ወይዘሮ አሊስ ፓልመር ለፌዴራሉ ምክር ቤት ለመወዳደር በተነሡ ጊዜ ኦባማ እንዲተኳቸው ደግፈው ነበር። በ1995 መጨረሻ በተካሄደው የማሟያ ምርጫ በታዋቂው የጥቁሮች መብት ታጋይ በጄሲ ጃክሰን ልጅ ሲሸነፉ ግን ወደ ቀድሞ ወንበራቸው ለመመለስ ፈለጉና በጥድፊያ የድጋፍ ፊርማ አሰባሰቡ። ኦባማ ቦታውን አልለቅም ከማለት አልፈው ፊርማዎቹ አንድ በአንድ እንዲመረመሩ አቤቱታ አቀረቡ፤ ፓልመርና ሌሎች ሦስት ዕጩዎች ለዕጩነት የሚፈለገውን 757 ትክክለኛ ፊርማ ማሟላት ባለመቻላቸው ተሰረዙ፤ በመጋቢት 1996 በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የቀረው የኦባማ ስም ብቻ ነበር። አካሄዱ ሕጋዊ ስለመሆኑ አያከራክርም። ይሁንና በ1992 በዚያችው ከተማ አዳዲስ መራጮችን የማስመዝገብ ዘመቻ የመሩ ሰው መራጩን ያለ አማራጭ ማስቀረታቸው፣ ለእኔ ከፖለቲካ ሕይወታቸው ምዕራፎች ሁሉ ለማስታረቅ የሚያዳግተው ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት በምን አሳለፉ? ምንም የሠሩት ነገር የለም የሚሉ አሉ።

መልስ፦ እስከ 2003 መጀመሪያ ድረስ ሴኔቱን የተቆጣጠሩት ሪፐብሊካኖች ነበሩ። የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ፊሊፕ ያልፈቀዱት ረቂቅ ለድምፅ ሳይደርስ በኮሚቴ ውስጥ ይሞት ስለነበር፣ የአናሳው ወገን አባል ብቻውን የሚያስጸድቀው ነገር ጥቂት ነው። ኦባማ በዚህ ሁኔታ ከሪፐብሊካን ሴናተር ከርክ ዲላርድ ጋር ተባብረው በ1998 የወጣውን የሥነ ምግባር ሕግ አስፈጽመዋል፤ ሕጉ ሎቢስቶች (ባለሥልጣናትን ለማግባባት የሚቀጠሩ ሰዎች) ለባለሥልጣናት የሚሰጡትን ስጦታ የሚገድብ፣ የምርጫ ዘመቻ ገንዘብን ለግል ጥቅም ማዋልንም የሚከለክል ነበር። ኃላፊነቱን የሰጧቸው የዴሞክራቶቹ መሪ ኤሚል ጆንስ ናቸው። የራሳቸውን ወገን አባላት ጥቅም የሚነካ ሥራ በመሆኑ ብዙ ወዳጅ አላፈራላቸውም። ወዳጅ ያፈሩት ማታ ማታ ነው፤ ከገጠሩ ክፍል ከመጡ ነጭ ሴናተሮች ጋር ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ይህን እንደ ተራ ወሬ የሚያልፉት አሉ፤ እኔ ግን ኋላ በመላው ግዛት ለተወዳደሩበት ምርጫ ከብዙ ንግግር ይልቅ የጠቀማቸው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በ2000 ለፌዴራሉ ምክር ቤት በተወዳደሩበት የዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ለምን ተሸነፉ?

መልስ፦ የሚወደድ ሰውን ያለ በቂ ምክንያት በመግጠማቸው ነው። ወንበሩን ይዘው የነበሩት ቦቢ ረሽ፣ ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች መብት ታጋይ ድርጅት የቀድሞ አባል ሲሆኑ፣ ልጃቸው በ1999 በጥይት በመገደሉ የሕዝቡ ሐዘኔታ ከእሳቸው ጋር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኦባማ በሃዋይ ሳሉ ልጃቸው ታማባቸው፣ የጦር መሣሪያ ሕግን በሚመለከት ወሳኝ ድምፅ ሲሰጥ ሳይገኙ ቀሩ፤ ረቂቁም በጥቂት ድምፅ ወደቀ። የምርጫው ውጤት በረሽ አሸናፊነት 61 ለ30 በመቶ ገደማ ነበር።

ጥያቄ፦ ድምፅ ከመስጠት እየሸሹ “ተገኝቻለሁ” ብቻ ይሉ ነበር የሚለው ወቀሳስ?

መልስ፦ በኢሊኖይ አንድ ሴናተር ከድጋፍና ከተቃውሞ ሌላ “ተገኝቻለሁ” የሚል ሦስተኛ ምርጫ አለው። ኦባማ በስምንት ዓመት ውስጥ ከሰጧቸው 4,000 ያህል ድምፆች 130 ገደማ የሚሆኑት እንዲህ ያሉ ነበሩ። ረቂቅ ሕግ ለመጽደቅ ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 30 ድምፅ ስለሚያስፈልገው ውጤቱ በተግባር ከተቃውሞ አይለይም። አንዳንዴ ፓርቲው ሆን ብሎ የሚጠቀምበት ስልት፣ አንዳንዴ ሕገ መንግሥታዊ ጥርጣሬን መግለጫ፣ አንዳንዴም ከወቀሳ መሸሸጊያ ነው፤ ከሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ነፃ ነበሩ ብዬ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ ከሥራዎቻቸው ትልቁ የትኛው ነው?

መልስ፦ ያለ ማመንታት፣ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ሲመረመር በቪዲዮ ወይም በድምፅ እንዲቀረጽ የሚያስገድደው የ2003 ሕግ ነው። ኢሊኖይ የሞት ቅጣትን በ1977 ከመለሰች ወዲህ እስከ 2000 መጀመሪያ ድረስ 12 ሰዎችን በሞት ስትቀጣ 13 የተፈረደባቸው ሰዎች በስሕተት መሆኑ ተረጋግጦ ወጥተዋል፤ በቺካጎም በማሠቃየት የተወሰደ የእምነት ቃል የከተማዋ ትልቅ ቅሌት ሆኖ ነበር። አገረ ገዥው ጆርጅ ራያን፣ ሪፐብሊካን ሆነው ሳለ፣ በ2000 ቅጣቱን አገዱ። ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ ቀረጻውን በመጀመሪያ ተቃውመውት ነበር። ኦባማ ከእነሱ ጋር ደጋግመው ተቀምጠው፣ ቀረጻው ንጹሑን ከሐሰት ክስ እንደሚያድን ሁሉ መርማሪውንም ከሐሰት ውንጀላ እንደሚጠብቅ እያስረዱ፣ ልዩ ሁኔታዎችንም እየተቀበሉ አግባቧቸው። በመጨረሻ ሴኔቱ ያለ ተቃውሞ አጸደቀው። ይህን በምክር ቤት በወጣ ሕግ ግዴታ በማድረግ ኢሊኖይ ከግዛቶቹ የመጀመሪያዋ ናት።

ጥያቄ፦ ዋና ዋና ሕጎቻቸው በ2003 የተደረደሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በ2001 የምርጫ ክልሎችን ካርታ የመሣል መብት በዕጣ ለዴሞክራቶች ደረሰ፤ በ2002 ሴኔቱን ያዙ፤ ኤሚል ጆንስም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኦባማ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢነት ከማግኘታቸውም በላይ፣ ጆንስ ታላላቅ ረቂቆችን በስማቸው እንዲያቀርቡ አደረጓቸው። በጉዳዩ ላይ ለዓመታት የደከሙ ባልደረቦች ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ቅሬታቸውም መሠረተ ቢስ አልነበረም። ጆንስ ራሳቸው እንደሚተርኩት ኦባማ፣ አንድን ሰው የአሜሪካ ሴናተር የማድረግ ሥልጣን አለዎት ብለዋቸው፣ ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ራሳቸውን ጠቁመዋል። የካርታው ለውጥም ክልላቸውን በሐይቁ ዳር ወደ ሰሜን ዘርግቶ ከመሀል ከተማው ሀብታም መራጮች ጋር አገናኝቷቸዋል። በመጋቢት 2004 የፓርቲያቸውን የውስጥ ምርጫ በ53 በመቶ ገደማ፣ በኅዳር ደግሞ ዋናውን ምርጫ በ70 በመቶ አሸነፉ።

ጥያቄ፦ ወንበሩ ለማን ሄደ?

መልስ፦ ለክዋሜ ራውል። በኢሊኖይ የተጓደለ ወንበርን የሚሞላው የፓርቲው የአካባቢ ኮሚቴ በመሆኑ ሹመቱ ያለ ምርጫ ነበር። ራውል ከ2019 ጀምሮ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ናቸው።