ኮምፒውተሩ የእርስዎ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙስ? ጥያቄና መልስ

በዝግና በክፍት ምንጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች መካከል ስላለው ክርክር የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ሁለቱንም ዓይነቶች ለዓመታት ስጭን፣ ሳስተዳድርና ሲበላሹ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ወደ ክፍት ምንጭ የማዘነብል መሆኔን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ አንባቢ መልሶቼን በዚያው ልክ ይመዝናቸው። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክፍት ምንጭ ማለት ገንዘብ የማይከፈልበት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ለግራ መጋባቱ ግን ቋንቋችንም እጁ አለበት። «ነፃ» የሚለው ቃል ዋጋ የማይጠየቅበትንም፣ በማንም ሥር ያልሆነውንም በአንድነት ስለሚገልጽ፣ «ነፃ ሶፍትዌር» ሲባል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኪሱን ነው። ትክክለኛው ልዩነት ያለው ሶርስ ኮድ ላይ ነው። ሶርስ ኮድ ፕሮግራመሮች የሚጽፉት፣ ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችል ጽሑፍ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደሚያስኬደው መልክ ከተለወጠ በኋላ መልሶ መፍታት እጅግ አድካሚ ነው። እንደ ዊንዶውስ ያለ ዝግ ሥርዓት ለተጠቃሚው የሚደርሰው በዚህ በተለወጠ መልኩ ብቻ ነው፤ ገዢው ገንዘብ የሚከፍለውም ለሶፍትዌሩ ባለቤትነት ሳይሆን በተወሰነ ግዴታ ለመጠቀም ለሚሰጠው ፈቃድ ነው። ክፍት ምንጭ የሆነው ግን ሶርስ ኮዱን ከመስጠት አልፎ፣ ለማንኛውም ዓላማ የመጠቀም፣ የመመርመር፣ የመለወጥና የተለወጠውን ለሌላ ሰው የማስተላለፍን መብት በፈቃድ ሰነዱ ላይ በግልጽ ያሰፍራል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ገንዘብ ማስከፈል ክልክል አይደለም። ከክፍት ምንጭ ሥርዓቶች ዋነኛ በሆነው በሊኑክስ ዙሪያ ድጋፍ በመሸጥ የሚታወቀውን ሬድ ሃት የተባለ ኩባንያ አይቢኤም በ2019 የገዛው በ34 ቢሊዮን ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ክርክሩ ከየት ተነሣ?

መልስ፦ ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1969 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ከተጀመረ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ለዩኒቨርሲቲዎች ከነሶርስ ኮዱ በርካሽ ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ተማሪዎችም የኦፐሬቲንግ ሲስተምን አሠራር ያወቁት እሱን በማንበብ ነው። በ1980ዎቹ ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሲሆን በሩ እየጠበበ ሄደ። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ያወጀው ዩኒክስን የሚመስል፣ ማንም ሊያነበውና ሊለውጠው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት ነበር። ከዓመታት ሥራ በኋላ አብዛኛው ክፍል ቢሟላም፣ ከርነሉ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዝዘው የሥርዓቱ እምብርት ገና አልደረሰም ነበር። ይህን ክፍተት ሊኑክስ በተባለው ከርነል የሞላው በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። የሚገርመው፣ ሊኑክስ የመጀመሪያ ፈቃዱ በማሰራጨት ገንዘብ መቀበልን ይከለክል ነበር፤ ዛሬ የምናውቀውን ጉልበት ያገኘው በ1992 ስቶልማን ለግኑ ወዳዘጋጀው ጂፒኤል ወደተባለ ፈቃድ ሲዞር ነው። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስያሜ የመጣው ደግሞ በ1998 ሲሆን፣ ስቶልማን የነፃነትን ጥያቄ ያደበዝዛል በማለት አይቀበለውም።

ጥያቄ፦ የአፕል ኮምፒውተሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነው ማክኦኤስ ከክፍት ምንጭ ኮድ የተሠራ ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ እንዴት ዝግ ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ክፍት ፈቃዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ነው። ጂፒኤል ኮዱን ለውጦ የሚያሰራጭ ሰው ለውጡንም በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከዩኒክስ የተገኘው ቢኤስዲ የተባለ ሥርዓት የሚሰራጭበት ፈቃድ ግን የጸሐፊዎቹ ስም እንዲጠበቅ ከመጠየቅ ብዙም አያልፍም፤ ወስዶ ዝግ ማድረግንም ይፈቅዳል። አፕል ከማክኦኤስ ሥር ያለውንና ዳርዊን የተባለውን መሠረት የገነባው ማክ (Mach) ከተባለው፣ በስም ብቻ ከአፕሉ ማክ ጋር ከሚመሳሰል ከርነልና ከቢኤስዲ በመነሣት ሲሆን፣ የመሠረቱን ኮድ ይፋ ሲያደርግ በላዩ ያረፈውን ማለትም ተጠቃሚው የሚያየውንና የሚነካውን አብዛኛውን ክፍል ግን ዝግ አድርጎታል። ሕግ አልጣሰም። በእኔ እምነት ሊኑክስ በየኩባንያው ጓዳ ተቆራርሶ ያልቀረው በጂፒኤል ምክንያት ነው፤ በዚህ የማይስማሙ በርካታ የቢኤስዲ ወዳጆች እንዳሉ ግን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ከደህንነት አንጻር የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የክፍት ምንጭ ደጋፊዎች ብዙ ዓይን ባየው ኮድ ውስጥ ስህተት አይደበቅም ይላሉ። ሊታይ የሚችልና የታየ ግን ለየቅል ናቸው። በሊኑክስና በሌሎች የዩኒክስ ወገኖች ላይ ትእዛዝ የሚቀበለው ባሽ የተባለው ፕሮግራም፣ በ2014 የተገለጸውን አደገኛ ስህተት ተሸክሞ 25 ዓመት ያህል ቆይቷል፤ ኮዱ በዚያ ዘመን ሁሉ ክፍት ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው በመጋቢት 2024 የተጋለጠው የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጭቅ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ በርካታ የሊኑክስ ሥርዓቶች ይጠቀሙበታል። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ተሳታፊ ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ በማበርከት የዋናውን አዘጋጅ አመኔታ ካገኘ በኋላ፣ ወደ ሰርቨሮች በስውር የሚያስገባ በር ከፈተ። ተንኮሉን የቀበረውም ማንም ዘርግቶ በማያነባቸው የሙከራ ፋይሎች ውስጥ ነበር። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ከርቀት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነውና ምክንያቱን እየተከተለ ሄዶ ምንጩን አገኘው። ሁለቱም ወገኖች ይህን ታሪክ ለየራሳቸው ይጠቅሱታል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ክፍትነቱ ተንኮለኛውን አስገብቷል፤ ፍሮይንድ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ እስከ ሥሩ ሊመረምር የቻለውም በክፍትነቱ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሦስተኛ ነገር ነው፤ ዓለም የተደገፈበትን መሣሪያ ለዓመታት የሚንከባከበው አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ መሆኑ።

በዝግ ሥርዓት በኩል ደግሞ በግንቦት 2017 የዊንዶውስን ክፍተት ተጠቅሞ ፋይሎችን በመቆለፍና ለመክፈቻው ገንዘብ በመጠየቅ ዓለምን ያመሰውን ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም እንመልከት። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው በመጋቢት ማለትም ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ የተጎዱት በአመዛኙ ማሻሻያውን ያልጫኑ ናቸው። ስለዚህ ጠያቂዬ የሚመርጡት የትኛውንም ይሁን፣ ማሻሻያ በወቅቱ መጫን ከምርጫው ራሱ ይበልጥ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። ሊኑክስ ዕድሜውን ያራዝምለታል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎን። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕና በዝርዝር የተወሰኑ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ያለ ምንም እንከን የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ከበር ተመልሰዋል። ሊኑክስን በፍላሽ ዲስክ ላይ አስቀምጠው፣ ሃርድ ዲስክዎን ሳይነኩ ከፍላሹ ብቻ አስነሥተው ይሞክሩት። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ማተሚያውና ክዳኑ ሲዘጋ የሚያንቀላፋበት አሠራር በትክክል መሥራታቸውን ያረጋግጡ፤ አስቸጋሪ ከሆነ የሚያስቸግረው በእነዚህ ነው። ቀጥሎም ያለ እነርሱ መኖር የማይችሏቸውን ፕሮግራሞች ይዘርዝሩ። ከእነርሱ መካከል ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራና ምትክ የሌለው አንድ እንኳ ካለ፣ ስለ ነፃነት የምናገረው ሁሉ ለእርስዎ ወሬ ነው።

ሊኑክስም ቢሆን አሮጌን ለዘላለም አይሸከምም። የ386 ፕሮሰሰርን ድጋፍ በ2012 መጨረሻ ላይ አስወግዷል፤ ሊኑክስ የተወለደው በዚያው ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ በየሰው ጠረጴዛ ላይ ለምን አይታይም?

መልስ፦ ሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይመርጥም፤ ኮምፒውተር ይገዛና በውስጡ የተጫነውን ይጠቀማል። መራጩ ባለሙያ በሆነበት ቦታ ውጤቱ የተለየ ነው። ከኅዳር 2017 ጀምሮ ከዓለም 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ የተደረገው ሙከራ ግን የተቀላቀለ ውጤት አለው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አስተዳደር በ2003 ጀምሮ 15,000 ያህል ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ካዞረ በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ዣንዳርሜሪ የተባለው የፈረንሳይ ፖሊስ ኃይል በበኩሉ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ለራሱ አስተካክሎ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ሲሠራበት ቆይቷል። የሙኒክን መመለስ የቴክኒክ ሽንፈት ብቻ አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች፣ የአመራር ለውጥንና የውጭ ተጻጻፊዎች የሰነድ ዓይነት የሚያሳድረውን ጫና ይዘነጋሉ።

ጥያቄ፦ አንድሮይድ ክፍት ምንጭ ነው?

መልስ፦ መሠረቱ አዎን፤ ከርነሉም ሊኑክስ ነው። በገበያ የሚገዛው ስልክ ግን የጉግል ዝግ አገልግሎቶችና የአምራቹ ዝግ ድራይቨሮች ማለትም ሃርድዌሩን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች የተጨመሩበት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሌላ ሥርዓት እንዳይጫንባቸው ተቆልፈው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ኮድ ማንበብ አልችልም። ክፍትነቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ይህንን ነው፤ በሴንትኦኤስ ታሪክ ልመልስ። ሴንትኦኤስ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራ የሊኑክስ ዓይነት ነበር። ስምንተኛው እትሙ እስከ 2029 ድጋፍ እንደሚያገኝ ከተነገረ በኋላ፣ ሬድ ሃት በታኅሣሥ 2020 ድጋፉ በ2021 መጨረሻ ላይ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ተጠቃሚዎች ተቆጡ፤ ክፍት ምንጭም ቢሆን ቃሉን የሚያጥፍ ኩባንያ እንዳለው ያን ጊዜ ታየ። ነገር ግን ኮዱ በሁሉም እጅ ስለነበር በ2021 አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ተተክተው ቀረቡ፤ የሰርቨር አስተዳዳሪዎችም አንድም መስመር ኮድ ሳያነቡ ወደ እነርሱ ተሻገሩ። ዊንዶውስ 10ን ግን ባለቤቱ ሲተወው፣ የቱንም ያህል ባለሙያና ገንዘብ ቢሰበሰብ ሌላ ሰው ተረክቦ ሊቀጥለው አይችልም። ልዩነቱ ለማያነበውም ሰው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሲበላሽ ማንን እከሳለሁ?

መልስ፦ በተግባር ማንንም። የዝግ ሶፍትዌር የፈቃድ ሰነዶችም ሕግ በፈቀደው መጠን ኃላፊነትን ያስወግዳሉ፤ ቢያነቡት ያገኙታል። ስልክ የሚያነሣልዎት ሰው ከፈለጉ የሚገዛው የድጋፍ ውል ነው፤ ይህም ለሁለቱም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማኖር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ። በቅድሚያ ዊንዶውስን፣ ከዚያ ሊኑክስን ይጫኑ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዊንዶውስ የማስነሻውን ተራ ለራሱ ሊወስደው ይችላል። የዲስኩን ክፍፍል ከመንካትዎ በፊት የፋይሎችዎን ቅጂ በሌላ ዲስክ ያስቀምጡ፤ ዊንዶውሱ ቢትሎከር በተባለው የራሱ የዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነም የመልሶ ማግኛ ቁልፉን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ቁልፉ ከጠፋ ፋይሎችዎን እኔም ሆንኩ ማይክሮሶፍት ልንከፍትልዎት አንችልም።