ፌሮ ከመቀነስዎ በፊት፦ የቤት ዲዛይንን በቫልዩ አናሊሲስ መፈተሽ

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ 10 በ12 ሜትር የሆነ ጂ+1 ቤት ልሠራ ነው። ዲዛይኑ አልቋል፤ ፈቃድ ግን ገና አልወጣም። የሥራ ዝርዝሩ ዋጋ ሲሞላበት ከያዝኩት ገንዘብ በሩብ ያህል በለጠ። ሥራውን ሊይዝ የመጣው ኮንትራክተር «የኮለኑን ፌሮ ከ14 ወደ 12 እናውርደው፣ ሲሚንቶም ትንሽ እንቀንስ» ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ቫልዩ አናሊሲስ አሠራ አለኝ። ምን ማለት ነው? ለእንደኔ ዓይነት ትንሽ ቤትስ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ጊዜውም አሁን ነው። ቫልዩ አናሊሲስ ማለት እያንዳንዱ የዲዛይኑ ክፍል የሚሠራውን ሥራ ለይቶ፣ ያንኑ ሥራ ሳያጎድል በርካሽ የሚሠራ ሌላ መንገድ መፈለግ ነው። ፈቃድ ከወጣ በኋላ መዋቅሩ ከተነካ ማሻሻያውን እንደገና ማጸደቅ አለብዎት። ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) ከተሞላ በኋላ ደግሞ በእጅዎ የሚቀረው ቀለምና ሴራሚክ መምረጥ ነው።

ኮንትራክተሩ ያቀረበልዎት ግን ቫልዩ አናሊሲስ ሳይሆን ዋጋ ቆረጣ ነው፤ እሱም በደንብ ያልታሰበበት። ባለ 14 (ሚሊ ሜትር) ፌሮ የመቁረጫ ስፋቱ 154 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የባለ 12 ደግሞ 113 ነው። ከኮለኑ ብረት 27 በመቶው ሄደ ማለት ነው። በምትኩ ምን አተረፉ? 12 ኮለን፣ በየኮለኑ 8 ፌሮ፣ ከፉቲንግ እስከ ላይ 9.5 ሜትር ብንል 912 ሜትር ፌሮ ይመጣል። ባለ 14 በሜትር 1.21 ኪሎ፣ ባለ 12 ደግሞ 0.89 ኪሎ ስለሚመዝን ልዩነቱ 290 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስት ኩንታል እንኳ አልሞላም። ሩብ የበለጠ በጀት በዚህ አይመለስም፤ ቤቱን ከተሸከሙት ኮለኖች ብረት ግን ከሩብ በላይ ሄደ። ሲሚንቶ መቀነሱም ያው ነው፤ መሃንዲሱ ያሰላው ሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) ብሎ ከሆነ፣ ሌላ ውህድ ሲሞላ ስሌቱ የሌላ ቤት ስሌት ሆነ ማለት ነው።

ዘዴው ራሱ የተወለደው ከእጥረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የግዢ ሥራ ላይ የነበረው ሎውረንስ ማይልስ የታዘዘው ዕቃ ገበያ ላይ ሲጠፋበት፣ ዕቃውን ከየት እንደሚያመጣ መጨነቁን ትቶ፣ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ሌላ ምን ሊሠራው እንደሚችል መፈለግ ጀመረ። በ1947 እ.ኤ.አ. ነገሩ ሥርዓት ያዘና ቫልዩ አናሊሲስ ተባለ። ሲሚንቶ ለጠፋበት፣ ፌሮ በየሳምንቱ ለሚጨምርበት ገበያ ከዚህ የሚቀርብ ዘዴ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሥራ ዝርዝሩን ይውሰዱና ከትልቁ ዋጋ ወደ ትንሹ ይደርድሩት። ከላይ ያሉት ጥቂት መስመሮች አብዛኛውን ገንዘብ ይዘው ያገኟቸዋል፦ ቁፋሮና ሙሌት፣ ኮንክሪት፣ ፌሮ፣ ግድግዳ፣ አሉሚኒየም፣ የወለል ንጣፍ። የበር እጀታና የመብራት ማብሪያ ላይ ግማሽ ቀን መከራከር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ተዉት።

ቀጥሎ በየትልቁ መስመር አጠገብ ሥራውን በሁለት ቃል ይጻፉ፦ «ጭነት መሸከም»፣ «ክፍል መለየት»፣ «ብርሃን ማስገባት»። «ብሎኬት መደርደር» ብለው ከጻፉ የጻፉት ዕቃውን እንጂ ሥራውን አይደለም፤ ዕቃውን የጻፈ ሰው ደግሞ ሌላ ዕቃ አይታየውም። ከዚያ ያንን ሥራ ብቻ ሳይጎድል የሚሠራው በጣም ርካሹ መንገድ ስንት እንደሚፈጅ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጊዜዎን መስጠት ያለብዎት የሁለቱ ዋጋ ለተራራቀበት መስመር ነው። ለዚህ አርክቴክቱ፣ የመዋቅር መሃንዲሱ፣ የሳኒተሪ ባለሙያውና አንድ ልምድ ያለው ፎርማን አንድ ሙሉ ቀን አብረው ቢቀመጡ ለርስዎ ቤት ይበቃል። ፎርማኑን አይተዉት፤ ወረቀት ላይ ርካሽ የሆነው ሳይት ላይ ለምን እንደሚወደድ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

በርስዎ ቤት መጀመሪያ የሚታየው አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ፣ ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ጠርጎ ማውጣትና ሰለክት (የተመረጠ፣ የማያብጥ አፈር) መሙላት ነው። 120 ካሬ ሜትር ቦታ 1.5 ሜትር ቢወርድ 180 ሜትር ኩብ ነው፤ አፈር ሲቆፈር በ30 በመቶ ያህል ስለሚነፋ 234 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ሲኖትራክ 15 ቢያጆ። ሰለክቱም ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 225 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 14 ወይም 15 ቢያጆ ተመልሶ ይገባል። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውኃ እየጠጣ ካልተጠቀጠቀ ደግሞ ወለሉ በኋላ ይሰምጣል።

አሁን ጥያቄው፦ ይህ ሁሉ ሙሌት ምን ይሠራል? «የምድር ወለሉን መሸከም»፣ አለቀ። ኮለኖቹ እንደሆኑ ፉቲንጋቸው በሁለቱም መንገድ ጠንካራው አፈር ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ወለሉን ከአፈሩ አንሥቶ ግሬድ ቢም (ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘው ቢም) ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከወለሉም ከግሬድ ቢሙም ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ክፍተት ይተዋል፣ የክፍተቱን ልክ መሃንዲሱ በአፈር ምርመራው ይወስናል። ብዙ ሰው «ሶሌታ (እንደ ፎቅ ወለል በቢም የተያዘ ኮንክሪት) መሬት ላይ? ይወደዳል!» ይላል። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር የምድር ወለል ለ120 ካሬ ሜትር 12 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል። 6 ሳንቲ ሜትር ከላይ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 10 በ20 የሆነ ጎድን ያለውና በጎድኖቹ መሃል ብሎኬት የሚገባበት ሪብድ ሶሌታም ስሌቱ በካሬ 0.10 ሜትር ኩብ ስለሚመጣ ያው 12 ሜትር ኩብ ነው። የሚጨምረው ፌሮው፣ የሪብድ ብሎኬቱና ወፈር ያለው ግሬድ ቢም ነው፤ የሚቀረው ደግሞ ወደ 30 ቢያጆ የሚጠጋ ማመላለስና ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው ድንጋይ። ሁለቱን በራስዎ ሰፈር ዋጋ ይመቱት።

እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ሠራተኛው ፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚሞላበት ጣውላ) ለመቆጠብ ጥቁሩን አፈር እንደ ፎርምወርክ ተጠቅሞ በቀጥታ ላዩ ላይ ይሞላል። ክረምት ሲመጣ አፈሩ ያብጥና ወለሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህ ነው ቀድሞ የተሠራ ፕሪካስት ቢምና ብሎኬት እዚህ ቦታ የሚመረጠው፤ ከሥር ጣውላ ስለማይፈልግ ክፍተቱ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። የአሸንዳው ውኃ ከቤቱ ርቆ ይውረድ፤ ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ሜትር ንጣፍ ይደረግ።

የመጀመሪያ ፎቅ ሶሌታው ላይ፣ በሙሉ ሶሌታ (ሁሉም ኮንክሪት በሆነው) እና በሪብድ መካከል ምርጫው ይከብዳል፤ እዚህ ነጥብ መስጠት ያስፈልጋል። አራት መመዘኛ ይያዙ፦ ዋጋ፣ ጊዜ፣ የሠራተኛው ልምድ፣ ወደፊት ቧንቧ ለመቀየር መመቸት። ሁለት ሁለቱን እያጋጠሙ የትኛው ለርስዎ እንደሚበልጥ ይጠይቁ፤ ስድስት ግጥሚያ ነው። ያሸነፉበትን ቆጥረው በየአንዳንዱ ላይ 1 ሲጨምሩ፣ ለምሳሌ ዋጋ 4፣ ጊዜ 3፣ ልምድ 2፣ ቧንቧ 1 ይወጣል። ከዚያ ከ5 ነጥብ ይስጡ። ሙሉ ሶሌታው በቅደም ተከተል 2፣ 2፣ 5፣ 4 ቢያገኝ ድምሩ 28 ነው። ሪብዱ 4፣ 4፣ 3፣ 2 ቢያገኝ 36። ሪብዱ አሸነፈ። ነገር ግን ክብደቱን ገልብጠው ልምድን 4፣ ቧንቧን 3፣ ዋጋን 2፣ ጊዜን 1 ቢያደርጉት ሙሉ ሶሌታው 38፣ ሪብዱ 30 ይሆናል። ስለዚህ ክብደቱ ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት ተጽፎ ይፈረም፤ አለዚያ ሁሉም የሚወደው እንዲያሸንፍ ቁጥሩን ያጣምመዋል። ጥንካሬ ከመመዘኛዎቹ ውስጥ እንደሌለ ልብ ይበሉ። እሱ ነጥብ አይሰጠውም፤ የሕንፃ ኮዱን ያላለፈ አማራጭ ጠረጴዛው ላይም አይቀርብም።

ሪብዱን ከመረጡ ፎርማኑን ሦስት ነገር ይጠይቁት። ከላይ ባለው 6 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መረብ ይገባል? ያለዚያ ይሰነጠቃል። ከጎድኑ ጋር ትይዩ በሆነ ግድግዳ ሥር ጎድኑ ይደረባል? የሽንት ቤቱ ባለ 110 ቧንቧስ በየትኛው ሁለት ጎድን መሃል ያልፋል? የመጨረሻው ካልተሣለ ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ጎድኑን በመሮ ይቆርጠዋል።

ግድግዳ ላይ ያለው ገንዘብ የተደበቀ ነው። የውስጥ ግድግዳ ሥራው «ክፍል መለየት» ከሆነ በ20 (ሳንቲ ሜትር) ብሎኬት ለምን ይሠራል? ዲዛይነሮች ብሎኬትን በሜትር ኩብ 1,400 ኪሎ ገደማ ብለው ነው የሚያሰሉት። ከ20 ወደ 10 ሲወርድ በካሬ 140 ኪሎ ይቀንሳል። 4 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ 1.7 ቶን ይቀልላል። የውጭው በ20 ይቆይ። የቧንቧ መስመር የሚቀበርበትና የኪችን ካቢኔት የሚሰቀልበትን በ15 ያድርጉት፤ ባለ 10 ብሎኬት ላይ ካቢኔት ተሰቅሎ፣ ከጀርባው ደግሞ ለቧንቧ ከተቦረቦረ ይሰነጠቃል።

የፎቁን መታጠቢያ ቤት ከምድሩ መታጠቢያ ቤት በላይ ማድረግና ሳሎኑ ውስጥ 7 ሜትር ቢም ካለ ወደ 5 ማሳጠር ከአርክቴክቱ ጋር የአንድ ሰዓት ወሬ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው መስታወት ግን የርስዎ ውሳኔ ነው። ሥራው «ማማር» ከሆነ እንደዚያ ብለው ይጻፉት፤ ማማርም ሥራ ነው፣ የሚከፈልበትን ማወቅ ነው እንጂ። «ብርሃን ማስገባት» ብሎ መደበቅ አያስፈልግም፣ ለብርሃኑ የመስታወቱ ግማሽ ይበቃ ነበር።

ሲጨርሱ የመዋቅር መሃንዲሱ የስሌት ሞዴሉን በአዲሱ ክብደት እንደገና ያስኪድ፤ ከሶሌታውና ከግድግዳው የተረፈው ቶን ፍሬው የሚታየው ቢሙና ፉቲንጉ ሲያንሱ ነው። የፉቲንጉ ሠንጠረዥ ሳይለወጥ ከተመለሰልዎት ስሌቱ ሳይደገም ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ይጠይቁ። አዲሱን የሥራ ዝርዝርም በመጀመሪያው ነጠላ ዋጋ ያስሞሉት፤ በመሃል ሲሚንቶ ከጨመረ ያተረፉት የዲዛይን ለውጥ በገበያው ውስጥ ይጠፋብዎታል። የድጋሚ ዲዛይኑን ክፍያ ከትርፉ ላይ ቀንሰው የቀረውን ይዩ።